ጎበዝ ነርስ ነበረች፣ ኃላፊ አደረግናት፤ ከዚያስ? (አዲስ ሄድ ነርሶችን በቡድን ያሠለጠነ ካለ)

ዋርድ ጠባቂ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ዛሬ ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ጊዜ ይኖራችኋል ብዬ ነው።

በአንድ የክልል ሆስፒታል ሜትሮን (የነርሶች ሁሉ ኃላፊ) ሆኜ ከተሾምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰባት ክፍሎች አዲስ ሄድ ነርስ (የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ) አግኝተዋል። ከነባሮቹ ሁለቱ ውጭ ወጡ፣ አንዱ ለትምህርት ሄደ፣ የቀሩት "በቃን፣ ወደ ነርስነታችን መልሱን" ብለው ደብዳቤ አስገቡ። የተኳቸው ሰባቱ ሁሉም በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። መብራት ቢጠፋ እንኳ የሕፃን ደም ሥር በጣታቸው ዳብሰው የሚያገኙ ዓይነት።

ግን ጎበዝ ነርስ መሆንና ነርሶችን መምራት ለየቅል ነው። ባለፈው ሳምንት ከሰባቱ አንዷ ቢሮዬ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ አለቀሰች። የመስቀልን ሌሊት ተረኛ ያደረገቻት ጓደኛዋ አኩርፋታለች። ኮሌጅ እያሉ አንድ ዶርም ነበሩ። "ትናንት ከአንድ ሳህን ስንበላ ነበር፣ ዛሬ አለቃ ሆንሽብኝ" ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ዋርዱ ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚጠራት የለም። እሷም ሰው ላለማስቀየም ብላ በጎደለው ዲዩቲ (የሌሊትና የበዓል ተራ) ሁሉ ራሷ ትገባለች። በወሩ ስንት ሌሊት እንዳደረች ስቆጥር ደነገጥኩ።

ስልጠና አልሰጠሽም እንዳትሉኝ። ሰጥተናል። ሦስት ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በፕሮጀክተር። የአመራር ዓይነቶች፣ የግጭት አፈታት፣ የጊዜ አጠቃቀም። ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰኞ ዋርድ ሲገቡ ግን ያው በገሌ ሆነ።

አሁን ሰባቱን አንድ ላይ አድርጌ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ለወራት የሚቆይ ነገር ልጀምር አስቤያለሁ። የሞከራችሁ ንገሩኝ። ምን ያዘላችሁ? ምንስ ከሸፈባችሁ?

ሌሊት ፈረቃ | ጥቅምት 6፣ ከሌሊቱ 7:15

ሜትሮን፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ እኔ ስልጠና የሚባል ነገር ሰልችቶኛል። አበል የሌለው ስልጠና ላይ ሰው አይመጣም። አበል ያለው ላይ ደግሞ የሚመጣው ለአበሉ ነው። በዚያ ላይ ሄድ ነርስ በእኛ ቤት ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። ለኃላፊነቱ የምትጨመረው ብር ትታወቃለች። ዲዩቲ የሚገባው ነርስ ከእሷ በላይ ያገኛል። ይሄ በስልጠና የሚፈታ አይደለም።

ዋርድ ጠባቂ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 1:05

አንቺ በሉኝ፣ ገና ነኝ። የገንዘቡ ነገር እውነትህን ነው። እሱ በእኔ እጅ የለም። በእጄ ያለውን ልሥራ ብዬ ነው።

ሰባተኛ ዋርድ | ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 7:30

ሌሊት ፈረቃ፣ "ቁልፍ ያዥ" ያልከው ቀልድ እንዳይመስልህ። አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ከዓመታት በፊት ኤልኤምጂ የሚባለው የአመራር፣ የማኔጅመንትና የአስተዳደር ስልጠና ገብቼ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደስ ያለኝ፣ ሰው ብቻውን አይሠለጥንም። የአንድ ቤት ሰዎች ቡድን ሆነው ይገባሉ። ጥቂት ቀን ክፍል ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ ሥራ ቦታችሁ ተመልሳችሁ የመረጣችሁትን አንድ ችግር ለወራት ትይዛላችሁ። አሠልጣኙ መሃል መሃል እየመጣ ያያችኋል።

የእኛ ቡድን የሌሊት ቫይታል ሳይንን (የግፊት፣ የሙቀት፣ የትርታ ልኬትን) መረጠ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቻርቱ ባዶ ነው። መልሱን ሁላችንም "እናውቃለን"፤ ሌሊት ይተኛሉ። አሠልጣኛችን ግን "ለምን" የሚለውን እስኪሰለቻችሁ ጠይቁ አለን።

ለምን አይለካም? ለ30 አልጋ ያለው አንድ የግፊት መለኪያ ነው። ለምን አንድ? ሌሎቹ ሁለቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉስ? ሄድ ነርሷ ጋ ነው፣ እሷ ደግሞ 11 ሰዓት ትወጣለች። ለምን አስረክባ አትወጣም? እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻ ሄድ ነርሷ ራሷ ተናገረች። ከእሷ በፊት የነበረችው ኃላፊ አንድ መለኪያ ጠፍቶባት ከደሞዟ ተቆርጧል። ንብረቱ የተመዘገበው በስሟ ነዋ!

ያን ሁሉ ጊዜ ሰነፍ እያልን ያማናቸው ልጆች መለኪያ አልነበራቸውም። መፍትሔው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ ተራ ደብተር ሆነ። በየፈረቃው ሦስቱም መለኪያ ተቆጥሮ ይፈረምበታል። ከዚያ በኋላ ቻርቱ መሙላት ጀመረ። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንድ ሌሊት አሁንም ባዶ ነው። ግን ስለ ንብረት ርክክብ የሚያወራ የአመራር ስላይድ እኔ እስካሁን አላየሁም።

ሌሊት ፈረቃ | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 2:20

እሺ፣ ይቺ ተመችታኛለች። የእኛም ቁም ሳጥን ተቆልፏል።

አስተማሪው | ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 9:10

ሰባተኛ ዋርድ ባነሳችው ላይ ልጨምር። ነርሲንግ አስተምራለሁ። (ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ካነበቡላችሁ ሰዎች አንዱ ሳልሆን አልቀርም፣ ይቅር በሉኝ።)

ሬጅ ሬቫንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ኃላፊዎች ጋር ሲሠራ አንድ ነገር ታዘበ። ሰዎቹ ከአስተማሪ ከሚማሩት ይልቅ የየራሳቸውን ችግር ይዘው ተሰብስበው እርስ በርስ ሲጠያየቁ የሚማሩት ይበልጣል። በ1960ዎቹ ይህንኑ ይዞ ለንደን ሆስፒታሎች ገባ። አሠራሩ አክሽን ለርኒንግ ይባላል። በእሱ ስሌት መማር ማለት የተሰጠህ እውቀት ሲደመር ጥያቄ ነው። እኛ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያውን ሰጥተን ሁለተኛውን እንረሳዋለን።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ስድስት ሰባት ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። በየስብሰባው አንድ ወይ ሁለት ሰው አሁን ያለበትን፣ ያልተፈታለትን ጉዳይ ያመጣል። ያለፈ ታሪክ አይሆንም። አምስት ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ሌሎቹ የሚፈቀድላቸው መጠየቅ ብቻ ነው። ምክር ክልክል። "እኔ ብሆን ኖሮ" ክልክል። ይሄ ለእኛ ሰው ከሁዳዴ ጾም ይከብዳል። ምክሩን ጥያቄ አልብሶ የሚያመጣም አለ፤ "እንዲህ ብታደርጊ አይሻልም ወይ?" ይላል። እሱም ይቆማል። በመጨረሻ ባለጉዳዩ እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገራል፣ ይጻፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስብሰባው የሚጀምረው "አደረግሽው?" በሚል ነው።

ሁለት ነገር ካልተሟላ ባትጀምሪው ይሻላል። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ይሁን፣ እነሱ ሲሰበሰቡ ዋርዱን የሚይዝ ሰው በስም ይመደብ። ሌላው፣ እዚያ የተወራ እዚያው ይቅር። ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ወሬ ከአምቡላንስ ይፈጥናል።

አንቺ ደግሞ እዚያ ስብሰባ ውስጥ አትግቢ።

ጡረተኛዋ | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 1:50

ሜትሮን አትግባ? ምነው ልጄ!

34 ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ ሥራውን የተማርኩት ሜትሮኔን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነው። ራውንድ ስትወጣ ጣቷን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፋ አቧራውን ታሳየኛለች፣ አትናገርም። የበሽተኛውን እግር አንሶላውን ገልጣ ታያለች። የሌሊት ተረኛዋን ከማናገሯ በፊት በሽተኛውን "እንዴት አደሩ?" ትላለች፣ ከዚያ ሪፖርቱን ትሰማለች። ሁለቱ ካልገጠመ ያኔ ጉድ ነው። ይሄን የትኛው ቡድን ያስተምራቸዋል? ደግሞ ሰባት ሄድ ነርስ ያለ ሜትሮን ከተሰበሰበ የሚያማው ሜትሮኗን ነው። እኔም አምቻለሁ፣ አውቀዋለሁ።

አስተማሪው | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 3:05

እውነትዎን ነው እማማ፣ ያማሉ። ይሙ! ግን የዓመቱን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላላቸው ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ "አልቻልኩም" የሚል ማን አለ? እርስዎ ሜትሮንዎ ፊት አልቅሰው ያውቃሉ?

ጡረተኛዋ | ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 12:40

አላውቅም። አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ ነበር የማለቅሰው።

እሺ፣ ስብሰባው ይቅርባት። ራውንዱን ግን አትተው። በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዷን ይዛ ትዙር፣ አጠገቧ ሆና። ሁለቱም ያስፈልጋል።

ዋርድ ጠባቂ | ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 2:00

እማማ፣ የመስኮቱን ደፍ ነገር ዛሬውኑ ሞከርኩት። ባልሞከርኩት ይሻለኝ ነበር።

ሜሪላንድ ጥግ | ጥቅምት 9፣ ከሌሊቱ 9:30

ከዚህ ከሜሪላንድ ነው። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ተምሬ ወጥቼ እዚህ ነርስ ማኔጀር እስክሆን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እዚህም ያው ነው። ዓርብ ነርስ ነበርኩ፣ ሰኞ ከ50 በላይ ሰው አለቃ ሆንኩ። ያተረፈኝ ሆስፒታሉ ከሌሎች ክፍሎች አዲስ ማኔጀሮች ጋር በወር አንድ ቀን ያስቀምጠን የነበረው ነው። ከሌላ ክፍል መሆናቸው ጥሩ ነው፤ የአንቺን ሰዎች አያውቋቸውም፣ ስለዚህ አያዳሉም።

እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ከባድ ወሬ መለማመድ ነው። አንዷ አርፋጁን ትሆናለች፣ አንዷ ኃላፊዋን። ስታነቢው ቀላል ይመስላል። አፍሽ ላይ ሲመጣ ግን ቃሉ ይጠፋል።

ሌላው ሀድል ነው። ፈረቃ ሲጀመር ሁሉም ቆሞ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ማን ጎድሏል፣ የትኛው በሽተኛ ያሰጋል፣ ምን ዕቃ የለም። ቆሞ ነው የሚደረገው። ወንበር ካመጣችሁ አንድ ሰዓት ይሆናል።

ሌሊት ፈረቃ | ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 1:45

እናንተ ጋ እኮ ጓንት አያልቅም።

ሜሪላንድ ጥግ | ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 10:20

ጓንቱ አያልቅም ወንድሜ፣ ሰው ነው የሚያልቀው። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዤ "ነገ የሚገባልኝ" ስፈልግ ያደርኩበት ቀን ስንት ነው።

ብራዘር ነኝ | ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4:00

ልምምዱን እኛም ሞክረነዋል። እኔ አዲስ ሄድ ነርስ ነኝ፣ ወንድ። (በሽተኞች "ዶክተር" ነው የሚሉኝ፣ ማረሙን ትቼዋለሁ።)

የእኔ ጣጣ ይሉኝታ ነበር። ክፍሌ ውስጥ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ነርስ አለች። ተማሪ ሆኜ መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሌሊት ላይ አትመዘግብም። ለስድስት ወር አንድ ቃል አልተናገርኳትም፤ በምትኩ ለሁሉም "ሰዎች፣ ምዝገባ ላይ እንበርታ" እያልኩ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ። ሁሉም ያነባል፣ እሷ ግን ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላታል።

ቡድኑ ውስጥ አንዲት አዋላጅ እሷን ሆና ተጫወተች። ነጠላዋን አደግድጋ ስትቀመጥ ሁሉም በሳቅ ሞተ። እኔ "ይቅርታ እንግዲህ፣ እርስዎን ለማስቸገር ሳይሆን..." ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ አሁንም ስለ አየሩ ማውራት ያዝኩ። በሦስተኛው አንዱ ጠየቀኝ፤ "ያየኸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን እስቲ። ለእሷ አይደለም፣ ለእኛ።" ነገርኳቸው። "በቃ እሱን በላት" አሉኝ። (ምክር ነበር፣ ግን ማንም አላስቆመውም።)

በማግስቱ ሻይ ይዤላት ሄድኩ። "ሲስተር፣ ትናንት ሌሊት የአልጋ 9 ግፊት ሁለቴ አልተመዘገበም። ምን ገጥሞዎት ነው?" አልኩ። አንቱታዬን አልተውኩም፣ ነገሩንም አልሸፋፈንኩም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ቻርት ፊደሉ አይታየኝም" አለች።

መነጽር ነው ችግሩ። ስድስት ወር ሙሉ!

አንዲት ከሐዋሳ | ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6:30

ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ ይሄ ስብሰባ ለሲፒዲ (ለተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ይያዛል? ፈቃዴን ላድስ ነው።

አስተማሪው | ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8:15

እንዲሁ ተሰብስባችሁ ስላወራችሁ አይያዝም። እውቅና ባለው የሲፒዲ ሰጪ በኩል ከተመዘገበና ከጸደቀ ነው። የሆስፒታላችሁን የስልጠና ክፍል ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ካለቀ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም።

ዋርድ ጠባቂ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 3:00

ተመልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኝ ስለነበር ሁሉንም እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ከሸፈ። ሰዓቱን የምሳ ሰዓት ላይ አደረግኩት። አራት ሰው መጣ፣ አንዱም ወዲያው ተጠርቶ ወጣ። የቀሩት ሦስቱ ተያዩ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወሩ፣ ተበተኑ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተማሪው የሥራ ሰዓት ይሁን ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሥራ እንዳይበደል ብዬ ከምሳቸው ቆረስኩባቸው። ከምሳው የሚቆረስበት ሰው ደግሞ ልቡ እዚያ አይሆንም።

ሥራ አስኪያጁን ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቼ ደብዳቤ አጻፍኩ። ሐሙስ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ተኩል፣ የሚሸፍኑት ሰዎች ስም ከታች። ያቺ ደብዳቤ ሁሉን ነገር ቀየረች። ስልክ እንኳ ቢደወል "ደብዳቤ አለኝ" ይላሉ። አበል የለም። ቡናና ቆሎ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ከኪሴ፣ በኋላ በተራ። ሌሊት ፈረቃ፣ አንዱ "አበል ከሌለው ይቅርብኝ" ብሎ ሁለቴ ቀርቷል። በሦስተኛው መጣ። ለምን እንደመጣ አልነገረኝም።

እኔ አልገባሁም። የሚመራቸው ከወሊድ ክፍል የመጣች ነባር ሄድ ነርስ ናት። ያቺ ያለቀሰችው ልጅ በፈቃዷ የነገረችኝን ብቻ ልጻፍ።

የበዓል ዲዩቲውን ጉዳይ አቀረበች። አምስት ደቂቃዋን ስለ ጓደኛዋ ክፋት ጨረሰች። ጥያቄ ተጀመረ። "ፕሮግራሙን ማን ያወጣል?" እኔ። "መቼ ነው የሚለጠፈው?" ለበዓሉ ሦስት አራት ቀን ሲቀር። "ባለፈው ዓመት ኃላፊ ሳትሆኚ የመስቀልን ሌሊት ማን ሠራ?" አሰበች፣ አላስታወሰችም። ከዚያ የድንገተኛው ክፍል ልጅ፣ ብዙ የማይናገረው፣ "አንቺስ ራስሽን ስንት በዓል ላይ ጻፍሽ?" አላት። ምንም። ሌላ ሰው በጎደለ ጊዜ ትገባለች እንጂ በመጀመሪያው ፕሮግራም ላይ ስሟ ለበዓል ሰፍሮ አያውቅም። "እዚያ ላይ ፊቴ ጋለ" አለችኝ።

ለቀጣዩ ስብሰባ ያስጻፈችው አንድ ነገር የበዓሉን ዲዩቲ ከራሷ እጅ ማውጣት ነው። የዓመቱን በዓላት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ገና፣ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሁለቱ ኢዶች፣ መውሊድ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል። ዋርዱን ሰበሰበች፣ ወረቀቱን ጠቅልላ የጓንት ካርቶን ውስጥ ከተተች፣ እጣ ተወጣ። የራሷም ስም ገባ። ፋሲካ የወጣላት ሙስሊም ልጅ "እኔማ ተመቸኝ" አለች። ኢድ የወጣለት ክርስቲያኑም እንዲሁ። አንዱ ግን ገናንም መስቀልንም ጠቅልሎ አወጣና ጮኸ። እጣው ይደገም፣ አይደገም ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ መስቀሉን ሌላ ሰው ወሰደለት። ፕሮግራሙ ለዓመት ተለጥፏል።

የከሸፈውንም ልንገራችሁ። ከሰባቱ አንዱ ለቋል። አራተኛው ስብሰባ ላይ "ችግሬ ዋርዱ አይደለም፣ እኔ ይሄን ሥራ አልፈልገውም" አለ። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመልሷል፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ አገኘሁት፣ እያፏጨ ነበር። ምትኩን እስካሁን አላገኘሁም።

ሀድሉንም ጀምረናል፣ አምስት ክፍል ይሠራዋል። አንደኛው ክፍል ወንበር አምጥቷል።

ጡረተኛዋ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 4:10

ወንበሩን አስወጪ። ራውንዱስ?

ዋርድ ጠባቂ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 4:25

ረቡዕ ረቡዕ እዞራለሁ እማማ። መስኮቱም ተወልውሏል።

ሰባተኛ ዋርድ | ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3:30

እኔ የጓጓሁት ለጓደኛዋ ነው። ታረቁ?

ዋርድ ጠባቂ | ጥር 16፣ ከቀኑ 7:00

እንጃ። የከተራ ሌሊት እጣ የወጣው ለሄድ ነርሷ ለራሷ ነው። ጓደኛዋ ልቀይርሽ አላለቻትም። ግን በማግስቱ የጠዋት ተረኛ እሷ ነበረች። ርክክቡ 2 ሰዓት ሆኖ ሳለ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፔርሙስ ይዛ መጣች አሉኝ።

ሌሊት ፈረቃ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 1:15

ቡና ነው?

ዋርድ ጠባቂ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 1:20

ሻይ ነው አሉ።